የሚታጠፍ ጎዳና

ሰላም፣ ሰላም! ዛሬ የማወራላችሁ መጽሐፍ ውስጥ የሚነበብ ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ግን መጀመሪያ ሰንሱል። ሰንሱል ታውቃላችሁ አይደል? ብራናው ወዲህ ወዲያ እየታጠፈ፣ በየእጥፉ ቅዱሳን የተሣሉበት። ትርጉሙም ሰንሰለት ነው። ሲታጠፍ በመዳፍ ይያዛል። ሲዘረጋ ቅዱሳኑ ተሰልፈው ይቆማሉ። ገጽ አይገለጥም፤ ይዘረጋል። ይሄን ያዙልኝ። ይዘረጋል!

አሁን ሎስ አንጀለስ እንሂድ፤ 1966 እ.ኤ.አ.። ኤድ ሩሼ የሚባል ሠዓሊ ሰንሴት ስትሪፕ በሚባለው ጎዳና ግራና ቀኝ ያለውን ሕንፃ በሙሉ ፎቶ አንስቶ መጽሐፍ አደረገው። ሲዘረጋ 7 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሰንሱል በሉት! በቅዱሳን ፋንታ የምሽት ክበብና የመኪና ማቆሚያ።

ሰውዬው ነገረኛ ነው። ከዚያ በፊት የ26 ቤንዚን ማደያዎች ፎቶ መጽሐፍ አሳትሞ፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አልቀበልም ቢለው፣ «አልተቀበሉኝም» ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ወደድኩት።

አሠራሩ? ፒክአፕ ላይ ካሜራ ጫነ፣ ፊልሙን ሞተር ያዞረዋል፣ መኪናው ይሄዳል፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ከዚያ ፎቶዎቹን ቆርጦ ጎን ለጎን መለጠፍ። አለቀ።

ኮመንት ላይ ግን «ፓኖራማ ነው እኮ» የምትሉ በዝታችኋል። አይደለም! ፓኖራማ አንድ ቦታ ቆሞ አንገት ማዞር ነው። ሩሼ አልቆመም። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር እንደተቀመጠ ሰው ነው፤ እያንዳንዱ ሕንፃ ፊት ለፊቱ ሲደርስ ያየዋል። ካላመናችሁ መጋጠሚያዎቹን እዩ። ፎቶው ላይ ያለ አንድ መኪና ከወገቡ ተቆርጦ ቀርቷል፤ ኋላው የለም። አልደበቀውም። ለእኔ ደግሞ የመጽሐፉ ምርጥ ቦታ ያ ግማሽ መኪና ነው። ፓኖራማ ነው የሚል ካለ ከእሱ ጋር ይነጋገር።

አንድ ነገር ቀረ። የመንገዱ አንዱ ወገን ከላይ ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ከታች ተዘቅዝቆ ነው የታተመው። መሃል ያለው ባዶ ነጭ ወረቀት አስፋልቱ ነው። ርዝመቱን ለማየት ወረቀት አያያዝኩና ቤቴ ዘረጋሁት። ከሳሎን ተነስቶ ኮሪደሩን አልፎ ወጥ ቤት ገባ። ላይኛውን ወገን እያየሁ ወጥ ቤት ደረስኩ። የታችኛውን ለማየት ዞሬ፣ በሌላው ጠርዝ፣ ወደ ሳሎን ተመለስኩ።