ሰንጢያችሁ ለምን ዶለዶመ?

ውድ ሰልጣኞች፣ ውድ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ!

ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ኪስ ውስጥ ስለሚገባ ዕቃ ነው፤ ስለ ሰንጢ።

ብዙ ዓመት መጋዘን ውስጥ ሠርቻለሁ። ካርቶን ስከፍት ነበር የምውለው። ካርቶን ለስላሳ ይመስላል፤ ስለት ግን ይበላል። አንድ ጊዜ ብዙ ብር አውጥቼ "ብረቱ አንደኛ ነው" የተባለ ሰንጢ ገዛሁ። የድሮው ርካሽ ሰንጢዬ ከእሱ በተሻለ ይቆርጥ ነበር። በጣም ተናደድኩ። ነገሩን መመርመር የጀመርኩት ያኔ ነው።

ስለት የሚዶለዱመው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። ብረቱ ለስላሳ ከሆነ ጫፉ ይታጠፋል። ከመጠን በላይ ከጠነከረ ይሸራረፋል። ሌላው መበላት ነው፤ የምንቆርጠው ነገር ራሱ ስለቱን ቀስ በቀስ ይሞርደዋል። "ይህ ብረት ስለት ይይዛል" የሚላችሁ ካለ፣ ምን ሲቆርጥ እንደሆነ ጠይቁት።

መበላትን የሚቋቋሙት ካርባይድ የሚባሉ ጠጣር ቅንጣቶች ናቸው። ብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን፣ አብረው ከሚቀላቀሉት ክሮሚየም ወይም ቫናዲየም ከሚባሉ ብረታ ብረቶች ጋር ሲጣመር ይፈጠራሉ። የቫናዲየሙ ከክሮሚየሙ በጣም ይጠነክራል። በርካሽ ሰንጢዎች ላይ የምናገኘው 420ኤችሲ የሚባል የብረት ዓይነት ካርቦኑ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ክሩሲብል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ኤስ30ቪ የተባለ ብረት ግን 1.45 በመቶ ካርቦንና 4 በመቶ ቫናዲየም አለው። የእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ባለሙያዎች የሠሩት ካትራ የሚባል መፈተሻ ማሽን አለ። አሸዋ የተቀላቀለበት ወፍራም ወረቀት በስለቱ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ይቆረጣል፤ ከዚያ የተቆረጠው ይለካል። እንዲህ ባለ ፈተና ኤስ30ቪ 420ኤችሲን በሰፊው ይበልጠዋል።

ታዲያ የእኔ ውድ ሰንጢ ምን ነካው? ከስለቱ ጀርባ ወፍራም ነበር። የተሳለበት ማዕዘንም ሰፊ ነው። ካርቶኑን ይገፋዋል እንጂ አይቆርጠውም። ድንጋይ ላይ አቅጥኜ በጠባብ ማዕዘን ስስለው ሌላ ሰንጢ ሆነ! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ማዕዘኑን ከልክ በላይ ካጠበባችሁት ግን ጫፉ ይታጠፋል ወይም ይሸራረፋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የቫናዲየም ካርባይድ ከተለመደው የመሳያ ድንጋይ ይበልጥ ጠንካራ ነው። አልማዝ የተቀባ መሳያ ከሌላችሁ እጃችሁ እስኪዝል ትስላላችሁ። የስዊዙ ቪክቶሪኖክስ ሰንጢ ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ 56 አካባቢ ነው። ቶሎ ይዶለዱማል፤ ግን ስስ ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይሳላል። ተራ ድንጋይ ብቻ ላለው ሰው እኔ የምመክረው እሱን ነው።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብረታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰንጢዎች አሉ። አንዱን በየጎኑ በ15 ዲግሪ፣ ሌላውን በ25 ስዬዋለሁ። ካርቶኑም ተዘጋጅቷል። ከፊት ያላችሁ ሁለት ልጆች ኑ፤ ቁረጡ። ሌሎቻችሁ ጮክ ብላችሁ ቁጠሩላቸው።