«መንገዱ ነው» አልኳት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ የሽንኩርቱን ታሪክ እጨርስላችኋለሁ ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም። መኪናዬ ድንቡሼ ጋራዥ ገብታለች።

ማክሰኞ ነው፣ እዚሁ ማርቆስ። ጋሼ፣ መካኒኩ፣ የፊት ግራውን ጎማ ፈቱ። ሞላው ላይ፣ መኪናዋን የሚሸከመው ጥምዝምዝ ብረት ላይ፣ የተጋገረውን ጭቃ በጣታቸው ጠረግ ጠረግ ሲያደርጉ የታችኛው ዙር ጫፍ ተላቆ ዱብ አለ። የጣት ርዝመት ያህላል። አነሱና እጄ ላይ አስቀመጡት። «ስብራቱን እየው» አሉኝ። ግማሹ ዝጓል፣ ግማሹ ያብለጨልጫል። «የዛገው ድሮ የተሰነጠቀው ነው። የሚያብለጨልጨው የሰሞኑ ነው።»

የሰሞኑ። ሰሞኑን የት ነበርኩ? አባይ በረሃ። እናቴን ከአዲስ አበባ ሳመጣት፣ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ፣ መሪ በጠመዘዝኩ ቁጥር ቀጭ ይላል። «ልጄ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። «መንገዱ ነው እማ» አልኳት። ሬዲዮውንም ከፍ አደረግኩት። እጄ ወደ ሬዲዮው ሲሄድ አሁንም ይታየኛል። መንገድ እኮ ያንገጫግጫል እንጂ መሪ ሲዞር ጠብቆ አይቀጭም። ይህን አውቅ ነበር? አላውቅም ነበር ማለት ይከብደኛል። ያ ሹል ጫፍ ደግሞ ከጎማው ጎን ሁለት ጣት አይርቅም።

ብዙ ጊዜ ታች ነው አሉ ጋሼ የሚሰበረው። ውሃና ጭቃ እዚያ ይተኛል፣ ጠጠር ቀለሙን ይልጠዋል፣ ከዚያ ዝገት ነው።

እሺ፣ ምርጫው። አንዱ «ዙሮቹ መሃል የጎማ ቁራጭ ስካበት» አለኝ። ጎማ የተሰካበት ዙር አይሠራም፣ የእሱ ሥራ ሌሎቹ ላይ ይወድቃል። መለዋወጫ ቤት ያለው ልጅ ደግሞ ወፍራም ሞላ አወጣልኝ። አንድ ሚሊ ምን ያመጣል ትላላችሁ? ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ የብረቱ ውፍረት 12 ሚሊ የነበረው 13 ከሆነ፣ ጥንካሬው ከሲሶ በላይ ይጨምራል። የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው አሞርዛተር ለድሮው ሞላ የተሠራ ነው፣ ያን መያዝ ያቅተዋል። እና አንዱን ብቻ አትቀይሩ፣ ጥንድ ጥንዱን። የራሳችሁን ማየት ከፈለጋችሁ ሜዳ ላይ አቁሟት፣ የጎማውን ንፋስ አስተካክሉ፣ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለኩ፣ ግራና ቀኙን አስተያዩ። መፍታቱን ግን ለባለሙያ ተዉት፣ እባካችሁ። የታመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል።

አሁን ሁለት ያገለገሉ ሞላዎች አግኝተናል። ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቆሟቸው። አንዱ በ1 ሳንቲም ያጥራል። አዩኝ፣ ምንም አላሉም። አዲሱ ዋጋው... እንጃ። ነገ እወስናለሁ ብያለሁ።

ጠዋት እናቴ ደወለች። ቢቸና ለቅሶ አለባት፣ እንድወስዳት ፈልጋለች። እና ምን አለችኝ መሰላችሁ፣ «መንገዱስ ተሠራ ወይ ልጄ?»

እኔም... ቆይ፣ እየደወለች ነው።