ነጠላ፣ አጋም

እሺ። እየቀዳሁ ነው። የሚጮኸው ያው እሱ ነው፤ የጎረቤቴ አውራ ዶሮ። ባለፈው «እረደውና እኛንም ጥራን» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ፣ ዶሮው የኔ አይደለም። ስንቴ ልንገራችሁ?

የቴአትር ትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ዘንድሮ የምናሳያቸው ቴአትሮች ታወቁ። ሦስት ናቸው። አንዱ «ሐምሌት»፣ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም። ሁለተኛው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ»። እሱ በንባብ ብቻ ነው የሚቀርበው። በ1913 የተሠራ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የታገደ ተውኔት ነው። የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ መኳንንቱ ግን ስለ ማን እንደሚወራ ወዲያው ገባቸው። እኛ ክፍል ደግሞ የትኛው መምህር የትኛውን አውሬ ያነባል በሚል ውርርድ ተይዟል። እኔ ሁለት ማኪያቶ አስይዣለሁ። በማን ላይ እንደሆነ አልናገርም፤ ገና ውጤት አልገባም።

የምንከፍተው ከጥምቀት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ማን ይመጣል? ጥር 11 አገር ምድሩ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርድ፣ እኛ አዳራሽ ውስጥ ለስድስት ሰው «ሐምሌት» ልናሳይ? አምና ያየነው ይበቃናል። የአዳራሹ ሦስተኛዋ አምፖል አሁንም አልበራችም፣ ጠያቂ ካለ።

ሦስተኛው «ጠልፎ በኪሴ» ነው። የመንግሥቱ ለማ፣ ስለ ጠለፋ የሚያስቅ ተውኔት። ረዳት አዘጋጅ ማን ሆነ? እኔ። ቆይ፣ እንኳን ደስ ያለህ አትበሉኝ ገና።

የመጀመሪያው ንባብ ቀን ነው። ከሰዓት። ወንበር ክብ አድርገን ተቀምጠናል። የልጅቷን ቦታ የምታነበው ተማሪ ከአዘዞ ታክሲ አጥታ አርፍዳለች። አንዱ ልጅ ድምፁን አቅጥኖ ያነብላት ጀመር። ታውቁታላችሁ፤ እዚህ መጥቶ ማይኬን ሻይ ያጠጣው። ሳቅ በሳቅ ሆንን። እኔማ እንባዬ መጣ።

በር ላይ እትዬ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ እትዬ እንበላቸው። አዳራሹን የሚያጸዱት። አቧራው እንዳይነሳ በጣሳ ውኃ እየረጩ ነበር። እሳቸውም ሳቁ። ይሄን ያዙልኝ። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያ ምን አሉ? «እኔንማ ሲወስዱኝ ነጠላዬን አጋም ይዞ አስቀረው። እሱንም ሳልመለስለት።»

መርጨታቸውን ቀጠሉ።

ሳቅን። በጣም ነው የሳቅነው። እንዴት ልበላችሁ፣ ቦታዋ ላይ ነው ያረፈችው። እኛ ስንት ዓመት የምንማረውን፣ የት ዝም ይባላል፣ የት ይጣላል የሚለውን፣ እሳቸው በአንድ ጣሳ ውኃ ጨረሱት። አዘጋጃችን ዞር አለና «ጻፋት! እናስገባታለን» አለኝ። ጻፍኋት። ደብተሬ ይኸው፦ «ነጠላ፣ አጋም»። ሁለት ቃለ አጋኖ አድርጌበታለሁ። ሁለት!

ማታ ነው የመጣብኝ። «እኔንማ ሲወስዱኝ» ነው ያሉት። «ሳገባ» አላሉም። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ደባሌን ቀሰቀስሁት፤ ሕግ ነው የሚማረው። በ1949ኙ ሕግ ጠላፊው ካገባት ክሱ ይቀርለት ነበር አለኝ። ያ ነገር የቀረው በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ነው። 1996! እኔ ተወልጄ ነበር እኮ። ከዚያ የእትዬን ዕድሜ ልቆጥር ጀመርሁ። ደባሌ ጠዋት ፈተና ነበረው። ይቅርታ ወንድሜ፣ እንደማትሰማኝ ባውቅም።

ተውኔቱ እኮ በልጅቷ አይስቅም። የሚስቀው ተምረናል፣ ሠልጥነናል እያሉ ጠለፋ በሚያሰናዱት ወንዶች ነው። ተውኔት ስንመርጥ ስብሰባው ላይ ይሄን ብዬ የተከራከርሁት እኔ ነኝ። አሁንም አምንበታለሁ። መሰለኝ። ግን ያን ቀን እኛ በማን ነበር የምንስቀው? ድምፁን ባቀጠነው ልጅ? ወይስ...

ደግሞ ሌላ ጊዜ እናደዳለሁ። በራሴ። እትዬ እኮ አላለቀሱም። ልጆች አሏቸው፤ ባልየውን አላውቅም፤ ምናልባት ደግ ሰው ነው። ምናልባት ቀልድ ነው የነገሩን፣ በቃ። ስንት ዓመት ቡና ላይ ሲያወሩት የኖሩት ቀልድ። እኔ ነኝ ቀልዳቸውን ወስጄ... «ጠልፎ በደብተሬ» ልል ነበር። ተዉት። አያስቅም።

ለአዘጋጁ «ትቅር» አልሁት። «ለምን? ሕይወት ናት እኮ!» አለኝ። እሱም እውነቱን ነው። መልስ አጣሁ።

ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ፣ ለቴአትሩ ዕቃ። ዝርዝሩ ላይ «ነጠላ፣ 1» ይላል። በራሴ እጅ የጻፍሁት ነው። ሻጯ «ጥለቱ ምን ይሁን፣ የኔ ጌታ?» አለችኝ። ቆምሁ። አንዱን ቀይ አነሳሁ፤ መለስሁት። አረንጓዴ አነሳሁ። አጋም ላይ የቀረው ምን ዓይነት ነበር? እትዬን በየቀኑ ሰላም እላቸዋለሁ። «እትዬ፣ ያን ቀን የለበሱት ጥለቱ ምን ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል? ሻጯ ሰለቻትና ራሷ መረጠችልኝ። ዋጋም አልተከራከርሁም፤ እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች።

ትናንት እትዬ በር ላይ አገኙኝ። «ያ ጨዋታ መቼ ነው የሚታየው?» አሉኝ። ከጥምቀት በኋላ አልኋቸው። «እመጣለሁ። አስቀምጡኝ ከፊት» አሉ። እየሳቁ። ነጠላው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ በፌስታል ጠቅልዬው። ላወጣው... አይ። «እሺ እትዬ» ብዬ አለፍሁ።

ከፊት ነው ያሉት። ከፊት ሆነው...

ይኸው ደግሞ ጀመረ ዶሮው።