መሃሏ መላጣ ሲሆን

ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው ጉዳያችን ሻስታ ዴዚ ናት። ዙሪያዋ ነጭ፣ መሃሏ ቢጫ፤ ሕፃን ልጅ አበባ ሣል ሲባል መጀመሪያ የሚሥላት እሷን ነው።

ለዓመታት የምትቆይ ተክል ተብላ ትሸጣለች። ውሸት አይደለም፣ ግን ጎደሎ ነው። ሁለተኛው ዓመት ላይ ታምራለች፤ ሦስተኛው ወይ አራተኛው ላይ ዙሪያዋ ለምልሞ መሃሏ መላጣ ይሆናል። ያኔ ሰው ይደነግጥና ውኃና ማዳበሪያ ይደራርብባታል። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙዎቹን የሚገድላቸው ይሄ ድንጋጤ ነው።

ቅጠሉን በሁለት እጃችሁ ገለጥ አድርጋችሁ እዩት። መሃል ላይ ጠቆር ያለ፣ እንጨት የመሰለ አሮጌ ግንድ አለ፤ ያለፈውን አበባ የተሸከመው እሱ ነው። አንዴ ያበበ ግንድ ሁለተኛ አያብብም፣ ይደርቃል። አዲሱ ቡቃያ የሚወጣው ከጎኑ ነው፤ አፈር ለአፈር ከሚሄድ አጭር ግንድ ተነሥቶ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ውጭ ይሄዳል። መሃሉን ባዶ ያስቀረው እንግዲህ ዕድሜ ነው።

ግን የሚመሳሰል በሽታም ስላለ ተጠንቀቁ። አሮጌውን ግንድ በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ደርቆ ቀጭ ካለ ዕድሜ ነው። ከለሰለሰ፣ ከጠቆረና ከሸተተ በስብሷል ማለት ነው፣ ጥፋቱም የአፈሩ ነው። (ሽታ ካነሣን አይቀር፣ አበባዋም ብትሆን ሽቶ አይደለችም፤ ቆርጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጧት ይታወቃችኋል።)

ሻስታ ዴዚ ብርዱን ትችለዋለች፤ በብርድ ወቅት ሥሯ ላይ የተኛ ውኃ ግን ይጨርሳታል። ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት 30 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉት። ሰርጎ ሲያልቅ እንደገና ሙሉትና በአንድ ሰዓት ምን ያህል እንደወረደ ለኩ። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ወይ ሌላ ቦታ ፈልጉ፣ ወይ መደቡን ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። በሸክላ አፈር መሃል የተከላችሁበትን ጉድጓድ ብቻ በአሸዋ መሙላት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ የዙሪያው ውኃ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ስትተክሉም ቡቃያው የሚነሣበት አንገት ከአፈሩ ጋር እኩል ይሁን። ጉዝጓዝ (አፈሩን የሚሸፍን ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል) የምታለብሱ ከሆነ ከአንገቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ፈቀቅ አድርጉት።

ማዳበሪያ ላይ ቆጣቢ ሁኑ። እድገት በሚጀምርበት ወቅት በዙሪያዋ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ኮምፖስት በዓመት አንዴ ይበቃታል። ናይትሮጂን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠሏን ያወፍረዋል፣ ግንዷን ያልፈሰፍሰዋል፤ ያ ለስላሳ ግንድ ደግሞ የተክል ፈሳሽ ለሚመጥጡት ጥቃቅን ነፍሳት፣ ለክሽክሽ፣ ድግስ ነው። ክሽክሽ ካያችሁ ጠዋት ላይ በውኃ ግፊት እጠቡት፣ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር አያስፈልግም። «ቅጠል ብቻ ሆነችብኝ፣ አላብብ አለች» ለሚለው ጥያቄም አንዱ መልስ ይኸው ናይትሮጂን ነው። ሌላው ጥላ ነው፤ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ትፈልጋለች። ሦስተኛው የቀን ርዝመት ነው፤ አብዛኞቹ ዝርያዎች የሚያብቡት ቀኑ ሲረዝም ስለሆነ ቀን አጭር በሆነበት ወቅት ብትጠብቋት አትመጣም።

የጠወለገ አበባ መቼ ይቆረጥ? ቢጫውን ተጠግታችሁ እዩት። አንድ አበባ ይምሰል እንጂ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን አበቦች የተሰባሰቡበት ነው፤ ከጠርዝ ጀምረው ቀለበት በቀለበት ወደ መሃል ይከፈታሉ። መሃሉ ሳይከፈት አበባው ገና ጊዜ አለው። ቢጫው ጉብ ብሎ ቡናማ መሆን ሲጀምር ግን ጉልበቷ ወደ ዘር እየሄደ ነው፣ ቁረጡት። አንገቱን ብቻ ቀጭ አድርጎ መተው ባዶ እንጨት ያስቀርባችኋል። ከታች ሌላ እንቡጥ ካለ ከእሱ በላይ፣ ከሌለ እስከ ታችኞቹ ቅጠሎች ድረስ ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ።

ዘር ለቅሞ ማራባትስ? እዚህ ላይ ታሪኳ ይመጣል። አሜሪካዊው የተክል አዳቃይ ሉተር በርባንክ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከአራት ዝርያዎች አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1901 ለገበያ ያወጣት ድቅል ናት፤ ስሟንም በረዶ ከሚለብሰው ከሻስታ ተራራ ወሰደላት። «ቤኪ» ተብሎ እንደሚሸጠው ያለ የራሱ ስም ካለው የሻስታ ዴዚ ዓይነት የለቀማችሁት ዘር እናቱን አይመስልም። እናቲቱን ማቆየት ከፈለጋችሁ መንገዱ መከፋፈል ነው፤ መላጣውም የሚድነው በዚያው ነው።

በየ2 ወይም 3 ዓመቱ፣ ወይ አዲስ ቡቃያ ብቅ ሲል፣ ወይ አበባው አልቆ ውርጭ ከመምጣቱ ከስድስት ሳምንት ገደማ በፊት አድርጉት። ከአንድ ቀን በፊት በደንብ አጠጡ። ከጠርዟ 15 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ ዙሪያዋን በአካፋ ቁረጡና ከሥሯ አንሡዋት። አፈሩን አራግፉ፤ ያን ጊዜ አሮጌውና አዲሱ በቀለም ይለያሉ፤ አዲሱ ሥር ነጣ ያለ ነው። በስለታም ቢላ ከዳር ከዳሩ ቁረጡ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከ3 እስከ 5 ቡቃያና የራሱ ሥር ይኑረው። አንድ ቡቃያ ብቻ ያለው ቁራጭም ይበቅላል፣ ግን ለማበብ ዓመት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል። መሃሉን ጣሉት፤ አታዝኑለት። ቁራጮቹን ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር አራርቃችሁ ትከሉ፤ ሲተከሉ የተራራቁ መስለው ቢታዩም አንዱ ዓመት ይሞላዋል።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሦስት ሳምንት አፈሩ እርጥበቱን አይጣ። እኩለ ቀን ላይ ቅጠሏ ቢወድቅ ወዲያው ውኃ አታንሡ፤ ፀሐይ በረድ ሲል ራሷ ትነሣለች። ማታም ካልተነሣች ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ደረቅ ከሆነ አጠጧት። እርጥብ ሆኖ ሳለ ከጠወለገች ግን ቀስ ብላችሁ ነቅላችሁ ሥሯን እዩ፤ የጠቆረውን ቁረጡና ከፍ ያለ ቦታ ላይ መልሳችሁ ትከሏት።