ኮሶን ለበሬው ማን ሰጠው?

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና የሳይንስ ክበብ ልጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ ኮሶ ነው የማወራው። ምሳ እንዳልበላችሁ አውቃለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

ከመካከላችሁ ዕድሜ ጠገብ የሆናችሁት ኮሶ ሳትጠጡ አልቀራችሁም። እኔ ጠጥቻለሁ። እናቴ የደረቀውን አበባ ሙቀጫ ውስጥ ወቅጣ፣ በውሃ ዘፍዝፋ ታሳድረዋለች። ጠዋት በባዶ ሆዴ አፍንጫዬን ይዛ ትግተኛለች። ከዚያ ቁርጠት ነው፣ ማቅለሽለሽ ነው፣ ወደ ጓሮ ሩጫ ነው። ያን ቀን ትምህርት ቤት የለም። ደስ የሚለው ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ትሉም ኮሶ፣ ዛፉም ኮሶ፣ መድኃኒቱም ኮሶ ነው የሚባለው። ዛፉ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ይበቅላል፤ ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴው ቀላ ያለ አበባ ነው። የድሮ ሰዎች በየሁለት ወሩ ይጠጡት ነበር። ለምን በሁለት ወር? ትሉ ሆድ ከገባ በኋላ አድጎ ቁርጥራጩ መታየት የሚጀምረው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ነው። ማይክሮስኮፕ አልነበራቸውም፤ “ኮሶ ታየኝ” እያሉ ግን ቀኑን ደርሰውበታል።

አሁን ወደ በሬው እንምጣ። ኮሶ ከጥሬ ሥጋ ይመጣል እንላለን። እውነት ነው። በሬው ግን ከየት አመጣው?

ትልቁ ትል የሚኖረው ሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ ቤት የለውም። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ ቁርጥራጩ ሣር ላይ ይቀራል። አንዷ ቁራጭ በአስር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትይዛለች። በሬው ሣሩን ይግጣል። ከእንቁላሉ የወጣችው እጭ አንጀቱን በስታ ደም ውስጥ ትገባለች፣ ጡንቻው ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል ነጭ ከረጢት ሠርታ ትጠብቃለች። ቄራ ላይ የሥጋ መርማሪው መንጋጋውንና ልቡን በቢላ የሚሰነጥቀው እሷን ፍለጋ ነው። ካመለጠችው ቁርጥ ሆና ትቀርባለች። አዋዜው አይገድላትም፤ አረቄውም እንዲሁ። እሳት ግን ይገድላታል።

እንግዲህ በሬውን ስናማው ኖርን እንጂ የያዘው ከኛ ነው።

ኮሶ መጠጣት ሆድ ያጸዳል፤ ሣሩን አያጸዳም። ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፕራዚኳንቴልም እንዲሁ። (አበባውን ደግሞ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት፤ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል፣ ሰው ይገድላል።) ቁርጥ ተዉ ብዬ አልሰብክም፤ እኔም አልተውኩም፤ ባለቤቴ እዚያ ጋ ሆና እየሳቀችብኝ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከግቢያችን ጀርባ ያለው ሜዳ ነው። ከብት ይግጥበታል፤ ሰውም ይጸዳዳበታል። እዚያ አንድ ሽንት ቤት ቢቆም ከመቶ ጽዋ ኮሶ ይበልጥብኛል።

ልጆቹ ላቦራቶሪው በር ላይ እየጠበቋችሁ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ትል ያሳዩአችኋል። ከዚያ ምሳ አለ። ጥብስ ነው፤ በደንብ የበሰለ።