የፌሮሲመንት ታንከር፦ ከሰሜን ሸዋ ለደወላችሁ

በዚህ ሳምንት ስለ ፌሮሲመንት የውሃ ታንከር፣ ማለትም በዶሮ ሽቦ ላይ ሲሚንቶና አሸዋ ተለስኖ ስለሚሠራው ታንከር፣ ብዙዎቻችሁ ደውላችኋል። በአየር ሰዓቱ ያልተዳረሱትንም ጨምሬ እነሆ መልሱ።

ከደብረ ብርሃን አካባቢ የደወሉ አባት፦ «ልጄ፣ ግድግዳው ሁለት ጣት ብቻ ነው አሉኝ። 5,000 ሊትር ውሃ እንዴት ይችላል? እንዳይፈነዳብኝ ሰጋሁ።»

በደንብ ከተሠራ አይፈነዳም አባቴ። ውሃው ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ሲሚንቶ ብቻውን ሲወጠር ይሰነጠቃል፤ ውጥረቱን የሚችለው ሽቦው ነው። እዚህ የዶሮ ሽቦው ተደራርቦ በልስኑ ውስጥ ይሰራጫል። ስንጥቅ ቢመጣ እንኳ ፀጉር አክሎ ይቀራል። ክብ ቅርፁም ግፊቱን እኩል ያከፋፍላል። ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 1.6 ሜትር የሆነ ክብ ታንከር 5,000 ሊትር ይይዛል። ለእሱ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ይበቃል። ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ሉዊ ላምቦ በ1848 እ.ኤ.አ. በዚሁ ዘዴ ጀልባ ሠርቷል።

ከመንዝ የደወለች እህት፦ «ግንበኛው እንዲጠነክር ሲሚንቶ ጨምሪ ይለኛል። ልጨምር? የኛን አገር ውርጭስ ይችላል?»

እህቴ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ በቂ ነው። ሲሚንቶ ሲበዛ ልስኑ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ታንከር የሚገድሉት ሌሎች ናቸው፦ ጭቃ ያለበት አሸዋ፣ ሲደባለቅ የበዛ ውሃ፣ ከተለሰነ በኋላ ደግሞ ያነሰ ውሃ። አሸዋውን በጠርሙስ ፈትሺው። ግማሽ አሸዋ አድርገሽ ውሃ ሙዪበት፣ በደንብ ናጪና አሳድሪው። ጠዋት ከላይ ወፈር ያለ ጭቃ ከተኛ አሸዋው ይታጠብ። ድብልቁ በእጅ ሲጨበጥ ቅርፁን ይዞ ይቅር፤ በጣት መሃል ከፈሰሰ ቀጥኗል።

ልስኑ ካለቀ በኋላ ቢያንስ 7 ቀን፣ ቢቻል 14 ቀን እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ኬሻ አልብሺው፣ ውሃ አጠጪው፣ በላዩ ላስቲክ ጠቅልይበት። ላስቲኩ ውሃም ይቆጥብልሻል። እዚህ ላይ የሚሰንፍ ሰው ብዙ ነው፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ፣ ጥቂት ጀሪካን ውሃ ተሰስቶ ሥራው ይበላሻል።

ውርጩ የጠነከረን ታንከር ብዙም አይጎዳውም። አዲስ ልስን ግን በመጀመሪያው ሌሊት በረዶ ከያዘው ጥንካሬው ይሞታል። ስለዚህ ኅዳርና ታኅሣሥን ተይው። ሚያዝያና ግንቦት ይሻላሉ፤ ለክረምቱም ይደርስልሻል። ለማጠጫ የሚሆነውን ውሃ ግን ቀድመሽ አጠራቅሚ።

ከሞረትና ጅሩ የደወለ ወንድም፦ «መሬታችን ጥቁር አፈር ነው፣ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ታንከሩ ይቆማል?»

በቀጥታ አፈሩ ላይ ካስቀመጥከው አይቆምም። ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸሻል። ከታንከሩ ሰፋ አድርገህ ቆፍር፤ አፈሩን አውጥተህ ገረጋንቲ በየንብርብሩ ጠቅጥቅ። ወለሉ ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ይሁን። የሚተርፈውን ውሃ በቱቦ አርቀህ አፍስሰው፤ አንዱ ጎን ረጥቦ ሌላው ከደረቀ ታንከሩ ያዘነብላል። አፈሩ ጥልቅ ከሆነ ግን ቦታ ቀይር። እኔ ብሆን እንደዚያ አደርጋለሁ።

ከአንኮበር የደወሉ እናት፦ «ታንከሬ ያነባል። ላፍርሰው?»

እናቴ፣ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ስንጥቁን ቀርበው ይዩት። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከያዘ ራሱን እየደፈነ ነው፤ ትንሽ ይጠብቁት። ቡናማ የዝገት መስመር ካለ ግን ሽቦው እየተበላ ነው። ያኔ ውሃው ወጥቶ፣ ልስኑ ከውስጥ በኩል ጠንካራው ክፍል እስኪገኝ ይፈንቀል። ሽቦው በብሩሽ ይጠረግ፤ ቦታው ረጥቦ፣ ውስጡ የሲሚንቶ ውሃ ተቀብቶ እንደገና ይለሰን። ከውጭ መለጠፍ ዋጋ የለውም፤ ውሃው ገፍቶ ያነሳዋል። በበጋም ሙሉ በሙሉ ባዶ አያድርጉት፤ ከታች ስንዝር ያህል ውሃ ይቅር።

ከሸዋ ሮቢት፦ «ከቆርቆሮ ጣሪያ ምን ያህል ውሃ ይገኛል?»

በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር ይሆናል፤ አንድ አምስተኛው ባከነ ብትሉ 640 ይተርፋችኋል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይውረድ፣ ወደ ታንከሩ አይግባ። እናንተ ጋ ወባ አለ፤ ክዳኑ ይገጠም፣ የአሸንዳው መግቢያና የትርፍ ውሃ መውጫው በደቃቅ ወንፊት ይሸፈን።