ከ10 ግራም የመንዝ በግ ጠጉር

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የሀገር ሽማግሌዎች፣ የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተወካዮች፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ውድ ተማሪዎቼ፤ እንደምን አረፈዳችሁ። በዚህ ውርጭ ከየገጠር ቀበሌው ማለዳ ተነሥታችሁ መሐል ሜዳ ድረስ በእግራችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ ድካማችሁን ከልቤ አከብራለሁ።

ወሬው ቀድሞኛል። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን እንዝርት አስይዞ የዓለም ክብረ ወሰን ሊሰብር ነው እየተባለ በገበያም በለቅሶ ቤትም ሲወራ ሰንብቷል። ወሬው እውነት ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ለፊዚክስ የቡድን ሥራቸው የመረጡት ይህንን ነው፤ እኔም የትምህርቱ መምህር እንደመሆኔ ደግፌያቸዋለሁ። ዛሬ የቆምኩት ነገሩ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደደገፍኩትና ከእናንተ ምን እንደምንፈልግ በግልጽ ለመናገር ነው።

በ1981 ዓ.ም. በወርኃ የካቲት፣ አውስትራሊያ ውስጥ ታዝማኒያ በምትባለው ደሴት፣ ቦዝዌል በምትባል አነስተኛ ከተማ የፈታዮች ውድድር ተካሄደ። ደንቡ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ፈታይ 10 ግራም የበግ ጠጉር ይሰጠዋል። 10 ግራም ማለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ነው። ከዚያ ላይ በእጅ ተፈትሎ፣ ድርብ ሆኖ የከረረ ረጅም ክር ያወጣ ያሸንፋል። በዚያ ቀን አንዲት አውስትራሊያዊት ፈታይ 553 ሜትር አወጣች፤ ውጤቷም በጊነስ የዓለም ድንቃ ድንቅ መዝገብ ሰፈረ። የእግር ኳስ ሜዳን ከዳር እስከ ዳር አምስት ጊዜ ብትለኩት 553 ሜትር አይሞላም። ክሩ ድርብ ስለሆነ ደግሞ በነጠላው የተፈተለው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁለት ማንኪያ ከምታህል ጠጉር!

ይህን በክፍል ውስጥ ሳነብላቸው ተማሪዎቹ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ እጇን አውጥታ፣ አያቷ ከዚህ ያላነሰ ቀጭን እንደሚፈትሉ ተናገረች። ሌላው ቀጠለ፤ የእርሱም እናት እንዲሁ። በዚያች ሰዓት የክፍሉ ግማሽ የቀጭን ፈታይ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ መሆኑን አወቅሁ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ሆነ፤ ታዲያ የእኛ እናቶች ክር ስንት ሜትር ነው? የሚመልስ አልተገኘም። ለክቶት የሚያውቅ የለምና።

የጊነስ መዝገብ ራሱ የተወለደው ከእንዲህ ያለ መልስ ካጣ ጥያቄ ነው። በ1951 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሂዩ ቢቨር የተባሉ የጊነስ ቢራ ጠማቂ ድርጅት ኃላፊ አየርላንድ ውስጥ ለአደን ወጥተው፣ በአውሮፓ ከሚታደኑ አእዋፍ ሁሉ ፈጣኑ የትኛው ነው በሚል ከጓደኞቻቸው ጋር ተከራከሩ። የሚያስታርቅ መጽሐፍ ጠፋ። የመጀመሪያው እትም የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ክብረ ወሰን ደግሞ ለሸዋ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሻምበል አበበ ቢቂላ የተወለደው በዚሁ በሸዋ ምድር፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በ1952 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዋዜማ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ደገመው። ከእርሱ በፊትም በሸዋ ኮረብታዎች ላይ ብርቱ ሯጭ ሞልቶ እንደነበር አልጠራጠርም። አበበን ዓለም ያወቀው ግን በሰዓት ስለተለካ ነው። እኔም ለእናቶቻችን እጅ የምለምነው ይህንኑ ነው፤ ይለካ።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልግባ። ይህ ጨዋታ ነው ለምትሉ ወላጆች በተለይ ልብ ብላችሁ አድምጡኝ።

553 ሜትር ክር 10 ግራም ከመዘነ፣ አንዱ ሜትር 18 ሚሊ ግራም ይመዝናል። ድርብ ስለሆነ እያንዳንዱ ነጠላ 9 ሚሊ ግራም ነው። የአውስትራሊያው ሜሪኖ በግ ጠጉር እጅግ የለሰለሰ ነው፤ የአንዱ ዘለላ ውፍረት የሚሊ ሜትር 50ኛ እጅ ነው ብለን ብንነሣ፣ በነጠላው ክር ውስጥ ጎን ለጎን የሚተኙት 22 ያህል ዘለላዎች ናቸው። የመንዝ በግ ግን የደጋ በግ ነው። ላዩ ጠንካራና ሸካራ፣ ሥሩ ለስላሳ የሆነ ሁለት ዓይነት ጠጉር ለብሶ ነው ይህን ብርድ የሚችለው። ሸካራው ዘለላ የለስላሳውን እጥፍ ቢወፍር ክብደቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በዚያችው 9 ሚሊ ግራም ውስጥ 22 የነበረው ዘለላ ወደ አምስት ወይም ስድስት ይወርዳል። አምስት ዘለላ ይዞ ክር የሚያወጣ እጅ በየትኛውም አገር የለም፤ ይበጠሳል።

ተማሪዎቹ ይህን አስልተው ሲጨርሱ አንገታቸውን ደፉ። ለስላሳ ጠጉር ከውጭ እናስመጣ የሚል ሐሳብም ተነሣ። አልተስማማሁም። በሰው በግ ጠጉር የሰው ክብረ ወሰን ብንሰብር ለመንዝ ምን ይጠቅመዋል? መልሱ ከዚሁ ከበጋችን ውስጥ መፈለግ አለበት አልኳቸው፤ መንገዱን ያሳዩን ግን እኔም መጻሕፍቱም አልነበርንም።

አንዲት አረጋዊት እናት፣ የአንዲት ተማሪያችን አያት፣ ወደ ቤተ ሙከራችን መጡ። ከአንድ ጠቦት የተሸለተ ጠጉር በጆንያ አቀረብንላቸው። በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከልጆቹ ጋር ስለ ዘመኑ ዝናብ እየተጫወቱ፣ ወደ ጠጉሩ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ቆንጠር እያደረጉ ይለዩት ጀመር። ጥቂት ቆይተው ከፊታቸው አራት ክምር ሆነ። አንደኛው ከትከሻው ነው አሉ፤ ሁለተኛው ከጎኑ፤ ሦስተኛው ከጀርባው፤ አራተኛው ከጭኑ። ተማሪዎቹ ከየክምሩ ዘለላ እየወሰዱ በባዮሎጂው ማይክሮስኮፕ ሥር አስቀመጡ። የትከሻው ከሁሉ የቀጠነ፣ የጭኑ ከሁሉ የወፈረ ሆኖ ተገኘ፤ መካከለኞቹም በቅደም ተከተላቸው። እርሳቸው ውጤቱን ለማየት አልቸኮሉም። በማይክሮስኮፑ እንዲያዩ ስንለምናቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለከቱና፣ ይህንን ለማወቅ ይህ ሁሉ ብረት ለምን እንዳስፈለገን ጠየቁን።

ወላጆች ሆይ፣ እኔ የተማርኩት በዩኒቨርሲቲ ነው፤ በመምህርነትም ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። በዚያን ቀን ያየሁትን የሚያህል ትክክለኛ የመለኪያ መሣሪያ ግን ቤተ ሙከራችን ውስጥ የለም። እነዚያ ጣቶች ናቸው ተስፋችን። የጠቦት የመጀመሪያ ሽልት፣ ከዚያም የትከሻው፣ ከዚያም ሸካራው ተለቅሞ የቀረው ለስላሳው ብቻ። ከዚያ በኋላ ማጠብ፣ መንደፍ፣ መፍተል ነው።

መለኪያው ደግሞ የልጆቹ ፋንታ ነው፤ እርሱም ቀላል አይደለም። የበግ ጠጉር እርጥበት ይጠጣል፤ ከራሱ ክብደት ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ ስትዳስሱት ደረቅ ይመስላል። ከጣርማ በር የሚወጣው ጉም አገሩን በሸፈነበት ማለዳ የተመዘነ 10 ግራም እና በጥር ፀሐይ የተመዘነ 10 ግራም አንድ አይደሉም። የአንድ ግራም ልዩነት ደግሞ 55 ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ጠጉሩ ከመመዘኑ በፊት እርጥበቱ በሚታወቅ ክፍል ውስጥ ያድራል። ክሩም ቢወጥሩት ይረዝማል፤ ቢያላሉት ያጥራል። ተማሪዎቹ ዙሪያው ልክ አንድ ሜትር የሆነ የእንጨት መንኮራኩር ሠርተዋል፤ ክሩ በእኩል ክብደት እየተሳበ፣ አንዱ ዙር በሌላው ላይ ሳይደራረብ ጎን ለጎን ይጠቀለላል። ቢደራረብ ዙሩ ይሰፋና ቁጥሩ ይዋሻል። ይህን ያስተዋለችው ከክፍሉ በዝምታዋ የምትታወቅ ልጅ ናት። በፈተና ወረቀት ላይ ይህን ያህል ፊዚክስ ስታሳየኝ አላየሁም ነበር።

አንድ አባት ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ አስቁመውኝ፣ ወንድ ልጃቸው እንዝርት መያዙ እንዳሳፈራቸው ነግረውኛል። በአክብሮት ነው የምመልሰው። ጋቢውም ባናውም በርኖሱም ያለ ፈትል አይኖርም፤ ወንዱ ሸማኔ የሚሸምነው ሴቷ የፈተለችውን ነው። የከረረ ክር ለምን እንደሚጠነክር፣ ስንት ዙር ሲከርር ጠንክሮ ከስንት ዙር በኋላ ራሱን እንደሚበጥስ ልጅዎ ዛሬ ያስረዳዎታል። ያንን የሚያውቅ ልጅ ነገ ምሕንድስና ቢማር መሠረቱን ከቤቱ ይዞ ሄደ ማለት ነው። ለፈተና ዝግጅት ለምትሰጉም፦ ሥራው የሚካሄደው ከትምህርት ሰዓት ውጪ ብቻ ነው፤ በውጤቱ ወደ ኋላ የቀረ ተማሪ ትምህርቱን እስኪያስተካክል ከቡድኑ ይወጣል። በዚህ ላይ ከተማሪዎቹ ጋር ተስማምተናል።

ክብረ ወሰኑን እንሰብራለን ብዬ ቃል አልገባላችሁም። ለመዝጋቢው ድርጅት አመልክተናል፤ ማመልከቻው በነፃ ነው፣ መልሱ ግን እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ልንበልጠው የሚገባንን ቁጥርና የውድድሩን ደንብ የሚልኩልን እነርሱ ናቸው። ቁጥሩ ከ553 የራቀ ሊሆን ይችላል። ባንሰብረው እንኳ ከመንዝ በግ ጠጉር በእጅ ምን ያህል ቀጭን ክር እንደሚወጣ በቁጥር ይጻፋል። ደብረ ብርሃን ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለን፤ በአመድ ጉያ የመንዝን በግ አዋሲ ከሚባል የውጭ የበግ ዝርያ ጋር የሚያዳቅል ማዕከል አለን። የልጆቻችን መዝገብ ለእነርሱም ይላካል። ዛሬ በፋብሪካ ብርድ ልብስ ተገፍቶ፣ ተሸልቶ የሚጣለው ጠጉር ከየትኛው የበጉ አካል ቢለቀም ለምን እንደሚሆን የሚያሳይ ሥራ ነውና ለገበሬው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ከእናንተ የምንፈልገውን ልናገር። ጠቦት የምትሸልቱ ወላጆች፣ የመጀመሪያውን ሽልት አትጣሉብን፤ የትከሻውን ለብቻ ቋጥራችሁ፣ የበጉን ዕድሜና የመጣበትን ቀበሌ ለልጆቹ ነግራችሁ ላኩልን። ጭቃና ቅባቱን አትጠቡት፤ አጠባቡ ለሁሉም እኩል መሆን ስላለበት እዚሁ ይታጠባል።

ምስክሮችም ያስፈልጉናል። ለክብረ ወሰኑ በሚፈተልበት ዕለት ሁለት ገለልተኛ ሰዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተገኝተው፣ ያዩትን በጽሑፍ ፈርመው ይሰጣሉ። መምህር አይሆንም፤ የፈታይ ዘመድም አይሆንም። በዚህ ጉባኤ ያላችሁ የመንግሥት ሠራተኞች፣ በተለይም ቀያሾችና የጤና ባለሙያዎች፣ ሚዛንና መለኪያ የለመደ ዓይን አላችሁና ከመካከላችሁ ፈቃደኞች እንድትሆኑልን እንለምናለን። ሥራው ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚቆይ ሳይቋረጥ ካሜራ የሚይዝልን ሰውም እንፈልጋለን።

ከሁሉም በላይ እናንተን ነው የምንፈልገው፣ እናቶቼ። ከቅዳሜ ገበያ በኋላ፣ እሑድም ከቅዳሴ መልስ ቤተ ሙከራው ክፍት ነው። የለመዳችሁትን የራሳችሁን እንዝርት ይዛችሁ ኑ፤ እኛ የሠራነው ለእጃችሁ አይመችም። ዓይኔ ደክሟል የምትሉም ኑ፤ እኚያ አረጋዊት እናት የለዩት በዓይናቸው አልነበረም። ለእያንዳንዳችሁ 10 ግራም ተመዝኖ ይሰጣችኋል፤ ክራችሁ ተለክቶ ከስማችሁ ጋር በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይጻፋል፤ ከሁሉ የረዘመውን የፈተሉት እናት በዚያው ዕለት ለክብረ ወሰኑ ለመፍተል ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። በሩ አጠገብ ደብተር ይዘው የተቀመጡ ሁለት ተማሪዎች አሉ፤ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁንና ቀበሌያችሁን አስመዝግቡ። አመሰግናለሁ።